ጤነኛ ሰጥቶ በሽተኛ መቀበል

ጤነኛ ተጫዋች ሰጥቶ በሽተኛ የሚወስድ ክለብ አለ ብላችሁ ታምናላችሁ? አለ፤ በሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ ሊግ። ጨዋታው የእኛን ገና ይመስላል፣ በመንሸራተቻ ጫማ መሆኑ ነው እንጂ። እዚያ የአንድ ክለብ ጠቅላላ ደመወዝ ጣሪያም ወለልም አለው። ለረጅም ጊዜ የተጎዳ ተጫዋች ያለው ክለብ ግን በዚያ ሰው ደመወዝ ልክ ከጣሪያው ማለፍ ይፈቀድለት ነበር። ቶሮንቶ እ.ኤ.አ. በ2015 ጤነኛ ተጫዋች ሰጥቶ ጀርባውን የታመመውን ናታን ሆርተንን የወሰደው ለዚህ ነው።

ወለሉም የራሱ ብልሃት አለው። ክሪስ ፕሮንገር በ2011 ዓይኑና ጭንቅላቱ ተጎድቶ ጨዋታ አቆመ። በ2015 ውሉ ወደ አሪዞና ተዛወረ፤ በመዝገብ 4.9 ሚሊዮን ዶላር ይቆጠራል፣ በእጁ የሚከፈለው 575 ሺህ ብቻ። ሰውዬው ያኔ በሊጉ የተጫዋቾች ደኅንነት ቢሮ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር!

በነርስነት ዘመኔ የሕክምና ወረቀት ለዕረፍት ሲፈለግ አይቻለሁ፤ ለገበያ ሲፈለግ ግን አላየሁም።

የእኛ ክለቦች በነሐሴ 2011 ዓ.ም. የተስማሙበት ጣሪያ ለአንድ ተጫዋች በወር 50 ሺህ ብር ነበር። በነፍስ ወከፍ ስለነበር የተጎዳን ልጅ ስም ማቆየት ለክለብ ትርፍ አልነበረውም። እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። እዚህ ልደታ ማርያም የጎረቤቴ ልጅ «ሲስተር፣ ልፈርም ነው» ሲለኝ ደመወዙን አልጠየቅኩትም። ብትጎዳ ማን ያሳክምሃል? ክፍያህስ ስንት ወር ይቀጥላል? ውሉ ላይ ሁለቱም አልተጻፉም። እናቱ ወረቀቱን ሳይፈረም ይዛ ወደ ክለቡ ሄዳለች።