ከሌሊት ቅዝቃዜ እስከ ቀትር ፀሐይ፦ የአራፓሆ ቤዚን የጸደይ በረዶ

የራዲዮ ዘጋቢ ፕሮግራም

[ድምፅ፦ የጠነከረ በረዶ የሚፍቅ የሸርተቴ ብረት፤ ከርቀት የሊፍት ሞተር]

ተራኪ፦ የዛሬው ፕሮግራማችን ወደ አሜሪካ፣ ወደ ኮሎራዶ ክፍለ ግዛት ይወስዳችኋል። ጊዜው የሚያዝያ ማለቂያ ነው። ታች ዴንቨር ከተማ ዛፉ አብቧል፤ ሰው ጃኬቱን አውልቆ በጉርድ ሸሚዝ ይሄዳል። ከከተማው በስተምዕራብ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው አራፓሆ ቤዚን የተባለው የበረዶ ሸርተቴ መዝናኛ ግን ከጫፍ እስከ ግርጌ ነጭ እንደለበሰ ነው። ሰማዩ ላይ አንድም ደመና የለም።

በአገሪቱ ያሉት አብዛኞቹ የሸርተቴ መዝናኛዎች በዚህ ጊዜ ተንሸራታቹን ወደ ላይ የሚያወጣውን ሊፍታቸውን አቁመው ሠራተኞቻቸውን አሰናብተዋል። አራፓሆ ቤዚን አልዘጋም። በረዶ በደህና በጣለበት ዓመት እስከ ጁን ይዘልቃል። እ.ኤ.አ. በ1995 እንዲያውም እስከ ኦገስት 10 ቀን ድረስ ሰው ሲንሸራተትበት ነበር።

ይህን ያህል ፀሐይ እየወጣበት በረዶው እንዴት ይቆያል? በዚህ ወቅት ተራራ የሚወጣ ሰውስ ምን ማወቅ አለበት? የአንዲት ፀሐያማ ቀን ውሎን እየተከተልን መልሱን እንፈልጋለን።

[ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል]

ተራኪ፦ ከከፍታው እንጀምር። የመዝናኛው ግርጌ፣ መኪና የሚቆምበት ቦታ ማለት ነው፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,286 ሜትር ላይ ይገኛል። እንጦጦ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው እንኳ እዚህ ቦታ ላይ አይደርስም። የተራራው አናት ደግሞ 3,978 ሜትር ነው። ራስ ዳሸን ግን ይህንንም ከ500 ሜትር በላይ ይበልጠዋል።

ታዲያ ራስ ዳሸን ላይ የጣለ በረዶ ብዙ ሳይቆይ ሲጠፋ፣ ዝቅ ያለው የኮሎራዶ ተራራ ስምንት ወር ያህል በረዶ ተሸክሞ የሚከርመው ለምንድን ነው? ልዩነቱን ያመጣው ከምድር ወገብ ያላቸው ርቀት ነው። የስሜን ተራሮች 13ኛው ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኙ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከአናታቸው ብዙም አትርቅም። አራፓሆ ቤዚን 39ኛውን ዲግሪ አልፎ ይገኛል። በብርዱ ወራት ፀሐይዋ ከአድማስ ብዙ ከፍ ሳትል ትዞርና ትጠልቃለች፤ ቀኑ አጭር፣ ሌሊቱ ረጅም ይሆናል። ከኦክቶበር ጀምሮ የወረደው በረዶ ሳይቀልጥ በላይ በላዩ ይደራረባል። ከዚህም ሌላ አብዛኛው የመዝናኛው ተዳፋት ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞረ ነው። ጸደይ ገብቶ ቀኑ ሲረዝም እንኳ ፀሐይዋ በአግድም ትነካዋለች እንጂ ፊት ለፊት አትመታውም።

ዴንቨር በከፍታዋ የምትኮራ ከተማ ናት፤ ይሁን እንጂ ከፍታዋ 1,609 ሜትር ብቻ ስለሆነ ለአዲስ አበባ ልጅ ቆላ ናት ማለት ይቻላል። ከዚያ ተነስቶ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ከ3,200 ሜትር በላይ የሚወጣ ሰው ግን ደጋ ተወልዶ ያደገም ቢሆን መተንፈስ ይከብደዋል። በመዝናኛው ግርጌ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። ራስ ምታት ቢመጣ ሊያስደንቅ አይገባም። ውኃ መጠጣትና ቀስ ብሎ መራመድ ይጠቅማል፤ ሕመሙ ከባሰ መድኃኒቱ ወደ ታች መውረድ ነው።

[ድምፅ፦ ዳገት የሚወጣ የጭነት መኪና]

ተራኪ፦ ከዴንቨር ወደ መዝናኛው የሚወስደው መንገድ ሁለት ምርጫ አለው። በአውራ ጎዳና 70 ወደ ምዕራብ ተጉዞ እ.ኤ.አ. በ1973 በተከፈተውና 2.7 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው የአይዘንሃወር ዋሻ ማለፍ አንዱ ነው። ሌላው ዋሻው አፍ ላይ ሳይደርሱ ታጥፎ በላቭላንድ ማለፊያ በኩል 3,655 ሜትር ወጥቶ መውረድ ነው። ተቀጣጣይና አደገኛ ጭነት የያዙ ቦቴዎች በዋሻው ማለፍ ስለማይፈቀድላቸው በዚህ ጠመዝማዛ መንገድ ይመላለሳሉ። በዴንቨርና በኦሮራ ኖረው በታክሲና በጭነት መኪና የሚተዳደሩ ወገኖቻችን መንገዱን ያውቁታል። ብዙዎቹ ግን ተራራውን የሚያውቁት ከመሪው ጀርባ ሆነው ነው።

[ድምፅ፦ የሊፍት ወንበር መንጓጓት፤ የነፋስ ሽውታ]

ተራኪ፦ ጠዋት ነው። ሊፍቶቹ ተከፍተዋል፤ የሚሳፈረው ሰው ግን ጥቂት ነው። አዋቂዎቹ ቡናቸውን ይዘው ወደ ላይ እያዩ ይጠብቃሉ። ምን እንደሚጠብቁ ለመረዳት ሌሊቱን የሆነውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ሰማዩ ጥርት ብሎ ሲያድር በረዶው ቀን የያዘውን ሙቀት ወደ ላይ ይለቃል። ደመና ቢኖር ኖሮ የተወሰነውን ሙቀት መልሶ ወደ መሬት ይልከው ነበር። ደመና በሌለበት ሌሊት ግን የበረዶው ገጽ ከአካባቢው አየር ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ትናንት ከቀትር በኋላ የቀለጠው ውኃ መልሶ ይረጋና ቅንጣቶቹን እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። ሲነጋ ተራራው ጠንካራ ቅርፊት ለብሷል። በዚህ ሰዓት የሚንሸራተት ሰው ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል፤ ከወደቀም የሚያቆመው ሳያገኝ ብዙ ርቀት ሊንከባለል ይችላል።

በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። ከላይ ያለው ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ብቻ ይለሰልሳል፤ ከሥሩ ያለው እንደጠነከረ ይቆያል። ሲቀልጡና ሲረጉ የሰነበቱት ቅንጣቶች ተድበልብለው በሸርተቴው ሥር እንደ ቅንጬ ይበተናሉ። ተንሸራታቾቹ ሲጠብቁት የቆዩት በረዶ ይህ ነው። ሸርተቴው ያለ ድካም ይታጠፋል፤ ጀማሪው ድፍረት ያገኛል፤ ልምድ ያለውም በብርዱ ወራት የሚፈራውን ገደል በእርጋታ ይወርደዋል።

ዕድሜው ግን አጭር ነው። አንድ ተዳፋት በዚህ ሁኔታ የሚቆየው ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ነው። ስለዚህ አዋቂ ተንሸራታች ፀሐይን ይከተላል። ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞረው ተዳፋት ቀድሞ ይደርሳል፤ የደቡቡ ይከተላል፤ ምዕራብ የሚያየው ከቀትር በኋላ ተራው ይመጣል፤ ሰሜን የሚያየው ከሁሉም ይዘገያል። ይህን ቅደም ተከተል የሚያውቅ ሰው ሙሉ ቀን መልካም በረዶ ላይ ሲውል፣ የማያውቀው ጠዋት ቅርፊት ላይ፣ ከሰዓት ጭቃ ላይ ይውላል።

[ሙዚቃ]

ተራኪ፦ ሊፍቱ ወደ ላይ ሲያወጣን የቦታውን ታሪክ ባጭሩ እናውጋ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የአሜሪካ ጦር 10ኛው የተራራ ክፍለ ጦር ከዚህ ብዙም በማይርቀው ካምፕ ሄል በሸርተቴ እየተንሸራተተ መዋጋትን ይሠለጥን ነበር። ክፍለ ጦሩ እ.ኤ.አ. በ1945 ጣሊያን ውስጥ ተዋጋ። ጦርነቱ ሲያበቃ ከተራራ ጋር የተዋወቁት ወጣቶች ተመልሰው በየቦታው የሸርተቴ መዝናኛ ከፈቱ። አራፓሆ ቤዚንም የተመሠረተው በዚያው ዘመን፣ በ1946 ነው። ከመሥራቾቹ መካከል ከጦርነቱ የተመለሰው ላሪ ጃምፕ፣ በ1936 ኦሎምፒክ ለአሜሪካ የተወዳደረው ዲክ ዱራንስ፣ የደን ባለሙያው ማክስ ደርከምና የሸርተቴ ሠሪው ቶር ግሮስዎልድ ይገኙበታል።

በመጀመሪያው ዓመት ወንበር ያለው ሊፍት አልነበረም። ሰው ከግርጌ እስከ ተራራው አጋማሽ በወታደር መኪና ይጓጓዛል፤ ከዚያ በላይ በሞተር የሚጎተት ገመድ ይዞ ይወጣል። የቀን ክፍያው 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ የመጣው እንግዳም 1,200 ያህል ነው። ዛሬ በአንድ የጸደይ ቅዳሜ የመኪና ማቆሚያውን ያየ ሰው ይህን ለማመን ይቸገራል።

[ድምፅ፦ ጨዋታና ሳቅ፤ የሚጠበስ ሥጋ ድምፅ]

ተራኪ፦ ቀትር ደረሰ። ከበረዶው ጥግ ያለውን የመኪና ማቆሚያ የአካባቢው ሰው «ቢች» (የባሕር ዳርቻ) ይለዋል፤ ባሕር ግን በአቅራቢያው የለም። ቦታ ለመያዝ በማለዳ የመጡት ሰዎች የመኪናቸውን ኋላ ከፍተው ከሰል አያይዘዋል። ታጣፊ ወንበር ተዘርግቷል፤ ውሾች በመካከል ይሯሯጣሉ። አንዱ የአበባ ሸሚዝ ለብሷል፤ ሌላው የዶሮ ላባ የመሰለ ልብስ አጥልቆ ይንሸራተታል። ከላይ ደግሞ በረዶው ቀልጦ በተጠራቀመበት ኩሬ ላይ በፍጥነት መጥቶ ሳይሰምጥ ለመሻገር የሚሞክረውን ሕዝቡ ከቦ ያያል። ብዙዎቹ ይሰምጣሉ፤ ጭብጨባው ግን ለሁሉም ነው።

ይህች ፀሐይ ግን የዋህ አይደለችም። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረር 10 ከመቶ ያህል ይጨምራል። በረዶ ደግሞ የተቀበለውን ጨረር እስከ 80 ከመቶ ድረስ መልሶ ያንጸባርቃል። ፀሐይ ከላይም ከታችም ታቃጥላለች ማለት ነው። አገጭ ሥርና አፍንጫ ቀዳዳ አካባቢ የተቃጠለ ሰው ማየት የተለመደ ነው። የቆዳችን ቀለም በመጠኑ ይከላከልልን ይሆናል፤ ለዓይናችን ግን የሚያደርግለት ነገር የለም። ያለ መነጽር በረዶ ላይ የዋለ ሰው ማታ ዓይኑ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁረዋል፤ ያነባል፤ ብርሃንም ማየት ያቅተዋል።

[ድምፅ፦ የሚንጠባጠብ ውኃ፤ እርጥብ በረዶ የሚረግጥ ጫማ]

ተራኪ፦ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 7 ሰዓት አልፏል። በረዶው ውኃ ጠጥቶ ከብዷል፤ ሸርተቴውን ይይዘዋል፤ ጉልበት ያጣምማል። ለአዋቂዎቹ የመውረጃ ሰዓት ነው።

ጉዳዩ የምቾት ብቻ አይደለም። የቀለጠው ውኃ ወደ ውስጥ ሲሰርግ ንብርብሮቹን ያያያዘው ትስስር ይላላል፤ የበረዶ ናዳም ይመጣል። እ.ኤ.አ. ሜይ 20 ቀን 2005 በዚሁ ተራራ ፓላቪቺኒ በተባለው ቀጥ ያለ ተዳፋት በኩል ውኃ ያዘለ በረዶ ተንዶ አንድ ተንሸራታች ገድሏል። ቦታው ለሕዝብ ክፍት ነበር። ሌሊት በረዶው በደንብ ሳይረጋ ከነጋ ጠዋትም ቢሆን አይታመንም። ስለዚህ የተራራው ጠባቂዎች ገመድ ዘርግተው «ተዘግቷል» ሲሉ መከራከር አይገባም።

[ሙዚቃ፤ ከዚያ የወንዝ ድምፅ]

ተራኪ፦ ይህ ሁሉ በረዶ ሲቀልጥ ወዴት ይሄዳል? ከመዝናኛው በላይ ያለው ሸንተረር የአህጉሩ የውኃ መለያ ነው። በስተምሥራቅ የወረደው ጠብታ ወደ አትላንቲክ፣ በስተምዕራብ የወረደው ወደ ፓስፊክ ያመራል። አራፓሆ ቤዚን በስተምዕራብ ስላለ፣ ውኃው በተፈጥሮ መንገዱ ቢሄድ ኖሮ ከዴንቨር ይሸሽ ነበር። ሰው ግን መለሰው። ውኃው በስኔክ ወንዝ በኩል ወርዶ እ.ኤ.አ. በ1963 ሥራው የተጠናቀቀው ዲለን ግድብ ውስጥ ይገባል። ከዚያም 37 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የሮበርትስ ዋሻ ከተራሮቹ ሥር አሳልፎ ወደ ዴንቨር አቅጣጫ ይልከዋል። የከተማዋ የውኃ ድርጅት በዴንቨርና በአካባቢዋ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያጠጣል፤ ትልቁ ማጠራቀሚያውም ይኸው ዲለን ነው።

በረዶው የውኃ ጎተራ የሚሆነው ቀስ ብሎ ሲቀልጥ ነው። አዲስ የወረደ 1 ሜትር በረዶ ቢቀልጥ ብዙውን ጊዜ ከ10 ሳንቲሜትር የማይበልጥ ውኃ ይወጣዋል። ታምቆ የከረመው የጸደይ በረዶ ግን ከ1 ሜትሩ 40 ሳንቲሜትርና ከዚያ በላይ ይሰጣል። ችግሩ ነፋሱ ከዩታና ከአሪዞና በረሃዎች የሚያመጣው ቀይ አቧራ ነው። አቧራ ያረፈበት በረዶ ይጠቁራል፤ የጠቆረ ደግሞ ፀሐይን ከማንጸባረቅ ይልቅ ይስባል። በደቡብ ምዕራብ ኮሎራዶ ተራሮች የተደረጉ ጥናቶች አቧራው በረዶውን በሳምንታት ቀድሞ እንዲቀልጥ እንደሚያደርገው አሳይተዋል።

[ሙዚቃ፤ ዝቅ ብሎ ከሥር ይቀጥላል]

ተራኪ፦ በረዶ ላይ መንሸራተት ለእኛ የማይሆን ነገር ነው የሚሉ አይጠፉም። አዲስ አበባ የተወለደውና ልጅ ሳለ ወደ አሜሪካ የሄደው ሮቤል ተክለማርያም ግን እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ በአገር አቋራጭ ስኪ ኢትዮጵያን ወክሎ ተወዳድሯል። በክረምት ኦሎምፒክ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊም እሱ ነው።

በኮሎራዶ የምትኖሩ አድማጮቻችን፣ መጀመር ከፈለጋችሁ የጸደይ ወቅት ይመረጣል፤ ብርዱ ቀለል፣ በረዶውም ለስለስ ይላል። ሸርተቴና ጫማ መከራየት፣ የራስ ቆብ ማድረግ፣ የመጀመሪያውን ቀን ከአስተማሪ ጋር መዋል ይበቃችኋል። ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ውጡ፤ የሚጠጡት ውኃ ከየት እንደሚመጣ ይዩ። ሌሊቱ ጥርት ብሎ ያደረበትን ቀን ምረጡ፤ የፀሐይ መከላከያ ቅባታችሁንና መነጽራችሁን አትርሱ፤ በረዶው እግራችሁን መዋጥ ሲጀምርም ሳትከራከሩ ውረዱ።

ዘጋቢ ፕሮግራማችን በዚህ አበቃ።