ፈቃድ የማይጠየቅበት ሞገድ ባለቤት የለውም ማለት ነውን?





በመሥሪያ ቤቶቻችን መስኮት ላይ ዛሬ «ሲስተም የለም» ከሚለው ቃል የበለጠ የተለመደ ያለ አይመስለኝም። ባለጉዳዩ ይህን በሰማ ጊዜ ወይ በመስኮቱ የተቀመጠውን ሠራተኛ ይቀየማል፤ ወይ መብራቱን ይወቅሳል፤ ወይም ዕድሉን አማርሮ ይመለሳል። እኔ በመንግሥት ሥራ በመገናኛ ቴክኒክ ሙያ የማገለግል ሰው እንደመሆኔ መጠን፤ ምክንያቱ አንዳንድ ጊዜ ከሠራተኛውም ከመብራቱም ሳይሆን ከጣራው ላይ መሆኑን ስለማውቅ፤ ጥቂት ለማስረዳት እወዳለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት የፋይበር መስመር ሲኖረው፤ ቅርንጫፉ ከመንገዱ ማዶ ወይም ከኮረብታው ባሻገር ይሆናል። መንገድ ቆፍሮ ገመድ መቅበር ገንዘብና ጊዜ የሚጠይቅ ስለሆነ፤ በሁለቱም ጣራ ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ሳሕኖች ይተከላሉ። ከዚያ በኋላ መዝገቡም፤ ደብዳቤውም፤ ክፍያውም በእነዚህ መካከል በአየር ይመላለሳል። ባለሙያዎች ይህን «ባክሆል» ይሉታል፤ እኛ መጋቢ መስመር ብንለው ያስኬዳል። በቅርንጫፉ ያለው ኮምፒዩተር ሁሉ የሚጠጣው ከዚህ አንድ ቧንቧ ነውና፤ ቧንቧው በተዘጋ ጊዜ ሁሉም ይጠማል።

ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ራዲዮኖች የሚሠሩት በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ ነው። የዚህንም ታሪክ በአጭሩ ልንገር፤ ዘመኑን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በ1985 የአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፤ ቀድሞ ለፋብሪካ፤ ለሕክምናና ለምርምር መሣሪያዎች ተለይተው የነበሩ ሦስት የሞገድ ክፍሎች በተወሰነ ኃይል ያለ ፈቃድ ለመገናኛ እንዲያገለግሉ ወሰነ። በ1997 ደግሞ ከ5 ጊጋኸርዝ ክፍል 300 ሜጋኸርዝ ጨመረ። በ2003 በጄኔቭ የተሰበሰበው የዓለም የራዲዮ ጉባዔ ከ5150 እስከ 5350፤ እንዲሁም ከ5470 እስከ 5725 ሜጋኸርዝ ያለውን ለሽቦ አልባ መረብ እንዲውል መደበ።

ዳሩ ግን ፈቃድ አይጠየቅም ማለት ሕግ የለም ማለት አይደለም። የኃይሉ መጠን ተወስኗል። ከዚህም በላይ በአሜሪካ ሕግ ያለ ፈቃድ የሚሠራ ሰው ሁለት ግዴታ አለበት፤ ይኸውም አንደኛ፤ ፈቃድ ያለውን እንዳያውክ፤ ሁለተኛ፤ ሌላው ቢያውከው እንዲታገሥ ነው። የወል ግጦሽ እንደማለት ነው። ከብቱን ማንም ያሰማራል፤ ሣሩ ቢያልቅ ግን ማንም ማንንም ከስሶ አይረታም።

ሣሩም ጥቂት ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ ያለው ስፋት 83.5 ሜጋኸርዝ ብቻ ሲሆን፤ ሳይነካኩ ሊሠሩ የሚችሉት ሦስት መስመሮች ብቻ ናቸው። ምግብ የሚያሞቀው ማይክሮዌቭ እንኳ የሚሠራው በዚሁ ሞገድ ነው። የ5 ጊጋኸርዙ ሰፋ ቢልም፤ አንዱ ራዲዮ ፍጥነት ለማግኘት ሲል 80 ሜጋኸርዝ ከያዘ፤ አራት ጎረቤቶች ሃያ ሃያ ይዘው በሰላም ሊሠሩበት የሚችሉትን ቦታ ለብቻው አጠረ ማለት ነው።

ብዙዎቹ ራዲዮኖች ከመናገራቸው በፊት ያዳምጣሉ፤ ሌላው ሲናገር ከሰሙም ይጠብቃሉ። ከፍ ባለ ጣራ ላይ ያለ ራዲዮ ግን የከተማውን ጫጫታ ሁሉ ስለሚሰማ፤ ተራው ሳይደርሰው ይውላል። በሌላው ጫፍ ያለው ጓደኛው ደግሞ ጫጫታውን ስለማይሰማ ዝም ያለ መስሎት ይናገራል፤ ቃሉም መንገድ ላይ ይጋጫል። ስለዚህ የምልክቱ መብራት ሙሉ ሆኖ እየታየ ሥራው አይሄድም። ኃላፊዎችን የሚያስገርማቸው ይህ ነው።

በዚህ ጊዜ የሚሰጠው ትእዛዝ አብዛኛውን ጊዜ «ኃይሉን ከፍ አድርገው» የሚል ነው። እኔ ኃይሌን እጥፍ ባደርግና ጎረቤቴም እጥፍ ቢያደርግ፤ በመካከላችን ያለው ልክ እንደነበረ ነው፤ ጉዳቱ ለሦስተኛው ሰው ይተርፋል። «ሁሉ ከሆነ ቃልቻ፤ ማን ሊሸከም ስልቻ» የተባለው እዚህም ይሠራል። ሁሉ ጩኸታም ከሆነ የሚሰማ አይገኝም።

ይህ የቢሮ ጉዳይ ብቻ ለሚመስለው ሰው አንድ ምሳሌ ላቅርብ። ያ ሞገድ ያለ ፈቃድ በተለቀቀበት በ1985፤ የዴልታ አየር መንገድ 191ኛው በረራ በቴክሳስ፤ በዳላስ ፎርት ወርዝ ሲያርፍ፤ ከደመና በድንገት ቁልቁል የሚወርድ ኃይለኛ ነፋስ አግኝቶት ተከሰከሰና ከ130 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። እንዲህ ያለው አደጋ እንዳይደገም በብዙ የአሜሪካ አውሮፕላን ጣቢያዎች አጠገብ ይህን ነፋስ አስቀድሞ የሚያይ ራዳር ተተከለ። ራዳሩ የሚሠራው ከ5600 እስከ 5650 ሜጋኸርዝ ነው። በ2009 በፖርቶ ሪኮ፤ በሳን ሁዋን ያለው ራዳር ታወከ። ሲመረመር፤ አዋኪዎቹ ኢንተርኔት ለማዳረስ በየጣራውና በየማማው የተተከሉ የ5 ጊጋኸርዝ ራዲዮኖች ሆነው ተገኙ።

ሕጉ በእነዚህ ሞገዶች ላይ የሚሠራ ራዲዮ ከመጀመሩ በፊት ለ60 ሴኮንድ እንዲያዳምጥ፤ ራዳር ከሰማም በ10 ሴኮንድ ውስጥ ቦታውን ለቅቆ ለ30 ደቂቃ እንዳይመለስ ያዛል። ዳሩ ግን ማዳመጡን የሚያጠፉ፤ ወይም ራዲዮው በሌላ አገር ያለ እንዲመስለው የአገሩን ስም የሚለውጡ አልጠፉም። በ2010 የአሜሪካ ኮሚሽን ከራዳሩ በ35 ኪሎ ሜትር ውስጥ የሚተከል ራዲዮ ከራዳሩ ሞገድ ቢያንስ 30 ሜጋኸርዝ እንዲርቅ አሳሰበ። የሽቦ አልባ ኢንተርኔት አቅራቢዎች ማኅበርም ባለራዲዮዎች በፈቃዳቸው የሚመዘገቡበት መዝገብ እንዲኖር ረዳ። እንግዲህ አንድ ቁልፍ መንካት እስከ ምን ሊያደርስ እንደሚችል አንባቢ ይመዝን።

ወደ ራሴ ሥራ ልመለስ። በአንድ ወቅት እኔ በማገለግልበት መሥሪያ ቤት የቅርንጫፉ መስመር ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ እስከ ምሳ እየተቋረጠ፤ የጡረታ ጉዳይ ያላቸው ሽማግሌዎች በረንዳው ላይ ይውሉ ጀመር። አለቆቼ ኃይል እንድጨምር ቢያዙኝም፤ አስቀድሜ ጥዋት፤ ቀትርና ማታ አየሩን በመሣሪያ ለካሁ። አዲስ የተሠራው የጎረቤት ሕንፃ ሳሕን 80 ሜጋኸርዝ ይዞ በእኛ ላይ ተኝቶ ነበር። ሄጄ የዚያን ቤት ቴክኒሽያን አነጋገርኩት። «ጋሼ፤ እኛም እኮ በአለቃ ቁጣ መከራችንን እያየን ነው፤ ደንበኛው መስኮቱ ላይ ተሰልፎ ነው የሚውለው» አለኝ። ሁለታችንም እርስ በርሳችን ስንተናነቅ ኖረናል ማለት ነው።

ቡና እየጠጣን እያንዳንዳችን 20 ሜጋኸርዝ ብቻ እንድንይዝ፤ ኃይላችንንም ለርቀቱ በሚበቃው ልክ እንድንቀንስ ተስማማን። መስመሩ ተስተካከለ፤ በረንዳውም ባዶ ሆነ። ነገር ግን ወጣቱ ወደ ሌላ ሥራ ተዛወረ፤ የተተካው ሰው ስምምነቱን አያውቀውም፤ ሦስተኛ ሳሕንም በሌላ ጣራ ላይ ወጣ። ሽማግሌዎቹም ወደ በረንዳው ተመለሱ። በሁለት ሰዎች ወዳጅነት ላይ የቆመ ሥራ ከሰዎቹ ጋር አብሮ ይሄዳልና፤ በጽሑፍና በደንብ ሊጸና ይገባዋል።

ስለዚህ የሚከተለውን አሳስባለሁ።

አንደኛ፤ የግዥ ክፍል ራዲዮ ከመግዛቱ በፊት ባለሙያ ጣራው ላይ ወጥቶ አየሩን ይለካ። የትኛው ሞገድ በምን ኃይል እንደሚፈቀድም፤ በእኛ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ይጠየቅ።

ሁለተኛ፤ ጠባብ መስመርና ጠባብ ጨረር ይመረጥ። መስመሩ ሲጠብ ራዲዮው የሚሰበስበው ሁከት ያንሳል። 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሳሕን በ5.8 ጊጋኸርዝ ሞገዱን ወደ 6 ዲግሪ ያህል አጥብቦ ስለሚልክ፤ የማይመለከተውን ሰው አያውክም።

ሦስተኛ፤ ርቀቱ አጭር ከሆነ የ60 ጊጋኸርዝ ራዲዮ ይታሰብ። ይህን ሞገድ የአየሩ ኦክሲጅን ስለሚውጠው ርቆ ሄዶ ሌላውን አያስቸግርም። ከባድ የክረምት ዝናብ ግን ስለሚያዳክመው መጠባበቂያ ያሻዋል።

አራተኛ፤ የሕዝብ ክፍያና መዝገብ የሚያልፍበት ዋና መስመር በፋይበር ወይም ፈቃድ ባለው ሞገድ ይሁን፤ ያለ ፈቃድ የሚሠራው ራዲዮ ለመጠባበቂያ ይቀመጥ። ለፋይበሩ ዛሬ የተነፈገው በጀት በባለጉዳዩ የትራንስፖርት ወጪና በጠፋ ቀን ይከፈላል፤ በሒሳብ መዝገባችን ላይ ስለማይጻፍ ብቻ የቆጠብን ይመስለናል።

አምስተኛ፤ የየሕንፃው አስተዳደር ጣራው ላይ ያለው ሳሕን የማን እንደሆነ፤ ወዴት እንደሚመለከትና የትኛውን ሞገድ እንደያዘ የሚጻፍበት መዝገብ ያኑር። በስፔን፤ በካታሎኒያ፤ በ2004 የተጀመረው ጉይፊ ኔት የተባለው የሕዝብ መረብ ይህን መሰል መንገድ ይከተላል። እያንዳንዱ ሰው የተከለውን ጣቢያና የዘረጋውን መስመር ሁሉ በሚያየው ካርታ ላይ ያስመዘግባል።

ወገኖቼ፤ አየሩ የጋራችን ነው። አጥር ስለሌለው ማን ምን ያህል እንደወሰደ በዓይን አይታይም፤ ጉዳቱ ግን በመስኮቱ ፊት በቆመው ሰው ላይ በግልጽ ይታያል። በሚቀጥለው ጊዜ «ሲስተም የለም» ለማለት የተገደደ ባልደረባችን፤ ቃሉን ከመድገሙ በፊት የጣራውን ነገር ለኃላፊው በጽሑፍ ያስታውቅ። ኃላፊውም ኃይል እንዲጨመር ከማዘዙ በፊት፤ ጎረቤቱን ያነጋግር።

አክባሪዎ፤
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ