ቃል የሌለው ሙዚቃ እንዴት ይገኛል? አዳዲስ የፖስት ሮክና የማዝ ሮክ አልበሞችን የመፈለጊያ መንገዶች

ግጥም ያለው ዘፈን አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው በቃሉ ነው። አንድ ስንኝ ትዝ ያለው አድማጭ ያንኑ ስንኝ ጽፎ ወይም አንጎራጉሮ ዘፈኑን ሊያገኘው ይችላል። የድምፃዊው ስም፣ የሚዘፈንበት ቋንቋና የግጥሙ ጉዳይም ፈላጊውን ይመሩታል። በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሙዚቃ ግን ከእነዚህ ምልክቶች አንዱም የለውም። ርእስ ቢኖረውም በርእሱና በዜማው መካከል ያለው ዝምድና የደራሲው ፈቃድ ብቻ ስለሆነ፣ ሙዚቃውን የሰማ ርእሱን፣ ርእሱን ያነበበም ሙዚቃውን መገመት አይችልም። አንዳንዴ የቡድኑ ስም እንኳ አይረዳም። በዚህ ዘርፍ የታወቁት ሦስት የቶኪዮ ቡድኖች ቶ፣ ሞኖ እና ላይት ይባላሉ። የመጀመሪያው ስም በእንግሊዝኛ የእግር ጣት፣ ሁለተኛው ባለአንድ መስመር የድምፅ ቅጂ፣ ሦስተኛው ቀለል ያለ ማለት ነው። ሦስቱም የዘወትር ቃላት በመሆናቸው ስሙን ብቻ ጽፎ የሚፈልግ ሰው ከቡድኖቹ ይልቅ የቃላቱን ሌሎች አገልግሎቶች ያገኛል።

ይህ ጽሑፍ በፖስት ሮክና በማዝ ሮክ ዘርፍ የሚወጡ አዳዲስ የመሣሪያ ሙዚቃ ሥራዎች የሚገኙባቸውን መንገዶች ይመረምራል። መከራከሪያው አጭር ነው፤ ቃል የሌለው ሙዚቃ የሚገኘው በዙሪያው በተጻፈው ቃል ነው። ማን ቀረጸው፣ ማን አሳተመው፣ ከማን ጋር በአንድ መድረክ ቀረበ የሚሉት መረጃዎች ግጥሙ ያልሠራውን ሥራ ይሠራሉ። ለተመራማሪ ጉዳዩ የምርጫና የጣዕም ብቻ ሳይሆን የናሙና አወሳሰድም ጉዳይ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስያሜዎቹና ወሰናቸው

ፖስት ሮክ የሚለውን ስያሜ ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው ሐያሲ ሳይመን ሬይኖልድስ ነው። በ1994 ባርክ ሳይኮሲስ የተባለው ቡድን ባሳተመው «ሄክስ» አልበም ላይ ባቀረበው ሂስና በዚያው ዓመት «ዘ ዋየር» በተባለው መጽሔት ባወጣው መጣጥፍ፣ የሮክን መሣሪያዎች ለሮክ ላልሆነ ዓላማ የሚጠቀሙ ቡድኖችን በዚህ ስም ጠራቸው። በዚህ አረዳድ ጊታር ዜማ ከመምራት ይልቅ የድምፅ ቀለምና ድባብ መፍጠሪያ ይሆናል። በኋላ ስያሜው የቺካጎውን ቶርተስ፣ የሞንትሪያሉን ጎድስፒድ ዩ! ብላክ ኤምፐረርንና የግላስጎውን ሞግዋይን የመሰሉ፣ እርስ በርሳቸው እምብዛም የማይመሳሰሉ ቡድኖችን ሁሉ አቀፈ።

ማዝ ሮክ ደግሞ ስሙን ያገኘው ከቆጠራ ነው። የተለመደው ሮክ አራት አራት እየተቆጠረ ሲሄድ፣ ማዝ ሮክ በአምስት ወይም በሰባት የሚቆጠሩ ምቶችን ይጠቀማል፤ በአንድ ድርሰት ውስጥም አቆጣጠሩን ደጋግሞ ይለውጣል። ጆሮው በስድስት ስምንተኛ (6/8) የችክችካ ምት ለተገራ ኢትዮጵያዊ አድማጭ፣ የሰባት ምት ሙዚቃ አንድ ምት ተጨምሮበት ወይም ጎድሎበት ይሰማዋል። በ1991 በፒትስበርግ የተመሠረተው ዶን ካባሌሮ የዚህ ስልት ዋና ምሳሌ ነው። በዚያው ዓመት የሉዊቪሉ ስሊንት ያሳተመው «ስፓይደርላንድ» ደግሞ፣ የሰው ድምፅ ያለበት ቢሆንም፣ ለሁለቱም ስልቶች እንደ ቀዳሚ ይቆጠራል።

ስያሜዎቹን የሰጡት ሐያስያን እንጂ ሙዚቀኞቹ አይደሉም፤ ብዙ ቡድኖችም አይወዷቸውም። ያም ሆኖ ግጥም በሌለበት ስፍራ ስያሜው የመጀመሪያው መፈለጊያ ቃል ነው። ስለዚህ እንደ በር እንጂ እንደ ፍርድ ባናየው ይበጃል። በሩ ሰፊ በመሆኑም ከገቡ በኋላ ሌላ መሪ ያስፈልጋል።

የአልጎሪዝም ጥቆማ ለምን ይዘገያል?

የስትሪሚንግ አገልግሎቶች ጥቆማ ከሚመሠረትባቸው ዘዴዎች ዋነኛው የአድማጮችን ልማድ ማነጻጸር ነው። አንድ አድማጭ ሦስት አልበሞችን ቢያዘወትርና ሌላው ከሦስቱ ሁለቱን ቢያዘወትር፣ ሥርዓቱ ቀሪውን አልበም ለሁለተኛው አድማጭ ይጠቁማል። ዘዴው በቂ የመደመጥ ታሪክ ላላቸው ሥራዎች በሚገባ ያገለግላል። ዛሬ የወጣ፣ ያውም ቡድኑ ገና ያልታወቀ አልበም ግን ታሪክ የለውም። በመሆኑም ያልተደመጠው አይጠቆምም፣ ያልተጠቆመውም አይደመጥም።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ድምፁን ራሱን የሚተነትኑ ዘዴዎችም አሉ። እነዚህ የሙዚቃውን ፍጥነት፣ የድምፁን ኀይልና ቅኝቱን ወደ ቁጥር ይለውጣሉ። ይሁን እንጂ በሹክሹክታ ጀምሮ ከአሥር ደቂቃ በኋላ በማዕበል የሚያበቃ የፖስት ሮክ ድርሰት በአንድ አማካይ ቁጥር ቢገለጽ፣ ቁጥሩ መጀመሪያውንም መጨረሻውንም አይወክልም። በየጥቂት ሰከንዱ ምቱን የሚቀያይር የማዝ ሮክ ድርሰትም በአንድ የፍጥነት ልኬት ሲጠቃለል ዋና ጠባዩ ይጠፋል።

መዘግየቱ የገንዘብ ዋጋም አለው። ስፖቲፋይ ከ2024 ጀምሮ ባለፉት 12 ወራት ቢያንስ 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ቅጂ ከቅጂ ክፍያው ድርሻ እንዳያገኝ አድርጓል። ስለዚህ መገኘትና አለመገኘት ለትንሽ ቡድን የዝና ብቻ ሳይሆን የገቢም ጥያቄ ነው። ለተመራማሪም ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ የዘመኑን ሙዚቃ በጥቆማ ብቻ የሚሰበስብ ሰው፣ አስቀድሞ በታዋቂነት የተጣራ ናሙና ይዞ ስለ ዘርፉ በሙሉ ሊናገር ይሞክራል።

ወደ ኋላ መከታተል፦ የአልበሙ ሽፋን ጽሑፍ

የዳሰሳ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ ከአንድ ጥሩ መጣጥፍ ተነሥቶ ዋቢዎቹን እየተከተለ ወደ ሌሎች ይደርሳል። በሙዚቃም የዋቢን ሥራ የሚሠራው በሸክላው ወይም በሲዲው ሽፋን ላይ የሚሰፍረው የባለሙያዎች ዝርዝር ነው። ለምሳሌ የቀረጻ ባለሙያውን ስቲቭ አልቢኒን (1962–2024) እንውሰድ። በቺካጎ ኤሌክትሪካል ኦዲዮ የተባለውን ስቱዲዮ ያቋቋመው ይህ ባለሙያ፣ ፕሮዲዩሰር ከመባል ይልቅ «የቀረጸው» ተብሎ መጠቀስን ይመርጥ ነበር። የዶን ካባሌሮን «አሜሪካን ዶን» (2000)፣ የሞግዋይን «ማይ ፋዘር ማይ ኪንግ» (2001)፣ የጎድስፒድን «ያንኪ ዩ.ኤክስ.ኦ.» (2002) እና የሞኖን «ሂም ቱ ዘ ኢሞርታል ዊንድ» (2009) የቀረጸው እርሱ ነው። ፒትስበርግን፣ ግላስጎውን፣ ሞንትሪያልንና ቶኪዮን የሚያገናኝ ግጥም የለም፤ በአራቱም ሥራዎች ላይ የሰፈረው የአንድ ሰው ስም ግን ያገናኛቸዋል።

ሁለተኛው ሐረግ የቡድን አባላት ዝውውር ነው። የዶን ካባሌሮ ጊታር ተጫዋች የነበረው ኢያን ዊሊያምስ በኋላ ባትልስ ከተባለው ቡድን መሥራቾች አንዱ ሆነ። የቡድኑን «ሚረርድ» (2007) ያሳተመው ደግሞ በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የሚታወቀው ዋርፕ ነው። አልበሙ ከሰው ድምፅ ሙሉ በሙሉ የጸዳ ባይሆንም፣ አንድን ሙዚቀኛ የተከተለ ፈላጊ የስልቱን ድንበር ሲሻገር ያሳያል።

ሦስተኛው አሳታሚው ነው። በ1997 በሞንትሪያል የተመሠረተው ኮንስቴሌሽን፣ የኤክስፕሎዥንስ ኢን ዘ ስካይንና የሞኖን ሥራዎች በአሜሪካ ያሳተመው ቴምፖራሪ ሬዚደንስ፣ ሞግዋይ ራሱ ያቋቋመው ሮክ አክሽን በዚህ ረገድ ይጠቀሳሉ። የትንሽ አሳታሚ ካታሎግ በአንድ አርታኢ ከሚመራ ተከታታይ ኅትመት ጋር ይመሳሰላል። እያንዳንዱ ሥራ የተመረጠው በሰው ጆሮ ስለሆነ፣ ከካታሎጉ ሁለት አልበም የወደደ ሰው ሦስተኛውን ለመስማት በቂ ምክንያት አለው።

ወደ ፊት መከታተል፦ ገና ዋቢ ያልሆኑ ሥራዎች

ይህ ዘዴ አንድ ጉልህ ጉድለት አለው፤ የሚያደርሰው አስቀድሞ ወደ ታወቁት ነው። በቤቱ የቀረጸ፣ አሳታሚም የሌለው ቡድን በዚህ ሐረግ ላይ አይታይም። ለእርሱ ሦስት መንገዶች ይቀራሉ።

የመጀመሪያው የሙዚቃ ፌስቲቫል ፖስተር ነው። በእንግሊዝ ብሪስቶል አቅራቢያ ከ2013 ጀምሮ የሚካሄደው አርክታንጀንት እና በቤልጅየም የሚዘጋጀው ደንክ ፌስቲቫል ትኩረታቸው በዚህ ዘርፍ ላይ ነው። በፖስተሩ አናት በትልቁ የሚጻፉትን ብዙ ሰው ያውቃቸዋል። ፈላጊ ማንበብ ያለበት ከግርጌ በደቃቅ ፊደል የሰፈሩትን ስሞች ነው፤ አዘጋጆቹ በራሳቸው ጆሮ የመረጧቸው ጀማሪዎች የሚገኙት እዚያ ነው።

ሁለተኛው በ2008 የተመሠረተው ባንድካምፕ ነው። በዚህ መድረክ ሙዚቀኞቹ ራሳቸው ለሥራቸው የስልትና የከተማ መለያ ቃል ይሰጣሉ። የስልቱን መለያ ከአንድ ከተማ ስም ጋር አጣምሮ፣ ውጤቱንም ከታዋቂነት ይልቅ በወጣበት ቀን ቅደም ተከተል ማየት ሌላው አሠራር የሚደብቃቸውን ሥራዎች ያወጣል። ሆኖም መድረኩ ራሱ ዘላቂ ዋስትና የለውም። በ2022 ኤፒክ ጌምስ ገዛው፤ በ2023 ለሶንግትራድር ሲሸጥም ግማሽ ያህሉ ሠራተኞቹ ሥራቸውን አጡ።

ሦስተኛው የጊዜ ሥርዓት ነው። ከሐምሌ 2015 ጀምሮ አዳዲስ አልበሞች በብዙ አገሮች ዓርብ ዓርብ ይወጣሉ። በሳምንት አንድ ቀን ወስኖ የተመረጡ አሳታሚዎችንና መለያ ቃላትን መፈተሽ፣ በየዕለቱ በጥቆማ ከመንሸራሸር የተሻለ ውጤት ይሰጣል።

ማዳመጥና መመዝገብ

የተገኘው ሥራ ሁሉ ለጥናት አይበቃም። በግጥም የማይመዘን ሙዚቃ በአወቃቀሩ ይመዘናል። ድርሰቱ የሚያድገው በድምፅ ብዛት ብቻ ነው ወይስ በሐሳብ? የምት ለውጡ ዜማውን ወደ አዲስ ስፍራ ይወስደዋል ወይስ የችሎታ ማሳያ ብቻ ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚገኘው ድርሰቱን እስከ መጨረሻው በማዳመጥ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሠላሳ ሰከንዶች ሰምቶ የሚያልፍ አድማጭ ከፖስት ሮክ ድርሰት መግቢያውን እንኳ በወጉ አይሰማም።

ለእያንዳንዱ ሥራ የቡድኑን ስም፣ የወጣበትን ቀን፣ የቀረጸውን፣ ያሳተመውንና የተገኘበትን መንገድ መመዝገብ ይገባል። የመጨረሻው ነጥብ ችላ ሊባል አይገባም። ከአንድ ዓመት በኋላ መዝገቡን የሚመለከት ተመራማሪ ከአልበሞቹ ስንቱ በጥቆማ፣ ስንቱ በአሳታሚ፣ ስንቱ በመለያ ቃል እንደተገኙ ያያል፤ በዚህም የናሙናውን ዝንባሌ ራሱ ሊለካው ይችላል። መድረኮች ይሸጣሉ፣ ገጾችም ይዘጋሉ። ያኔ ግጥም የሌለው፣ ስሙም የዘወትር ቃል የሆነ አልበም ዳግም የሚገኘው ቀድሞ ያገኘው ሰው በዙሪያው በቂ ቃል ጽፎለት ከሆነ ነው።