በብብት የሚወጣ እባጭና ሕክምናው

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአበው አነጋገር ለብብት ሕመም እጅግ የተስማማ ነው። ብብት የተሸፈነ ስፍራ በመሆኑ፥ ሴቶች እባጭ ሲወጣባቸው ለማሳየት ያፍራሉ፤ ወንዶችም «ብጉንጅ ነው፥ ፈርጦ ይድናል» እያሉ ሳምንቱን በወር፥ ወሩን በመንፈቅ ይለውጡታል። ነገር ግን የብብት እባጭ ሁሉ አንድ ዓይነት ስላልሆነ፥ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ ልዩነቱን በአጭሩ ለአንባብያን ለመግለጽ ወደድን።

ዘወትር የሚታየው ተራው ብጉንጅ ነው። ተሐዋስያን በፀጉር ቀዳዳ ገብተው ቆዳውን ሲመርዙት ይቀላል፥ ይግላል፥ ይጠዘጥዛል፤ በመጨረሻም መግል ይቋጥራል። መግል ከቋጠረ በኋላ በአፍ የሚዋጥ መድኃኒት ወደ ስፍራው በሚገባ ስለማይደርስ፥ ሐኪሙ ቦታውን አደንዝዞ ይቀደዋል፥ መግሉንም ያፈሰዋል። ቁስሉም ከላይ ፈጥኖ እንዳይገጥምና ከሥር እንዲሽር ክፍት ሆኖ ይጠበቃል። በቤት ውስጥ በመርፌ መውጋት፥ መጭመቅ ወይም በጋለ ብረት መተኮስ ግን ሕመሙን ወደ ውስጥ ይገፋዋል እንጂ አያድነውም።

ሁለተኛው እየዳነ የሚመለሰው እባጭ ነው። ሐኪሞች ሂድራደናይቲስ ሱፑራቲቫ ይሉታል። ፈረንሳዊው የቀዶ ጥገና ሐኪም አሪስቲድ ቬርኔይ እ.ኤ.አ. በ1854 ሕመሙ ከላብ ዕጢ እንደሚነሣ ጽፎ ነበር፤ ዛሬ ግን የፀጉር ሥር ሲደፈን እንደሚጀምር ታውቋል። ብዙውን ጊዜ ከጉርምስና በኋላ ይነሣና፥ እንደ ፍልፈል ጉድጓድ ከቆዳ በታች ዋሻ እያበጀ ይሄዳል። አይተላለፍም፤ ከንጽሕና ጉድለትም አይመጣም። ስለዚህ የታመመችውን ልጅ «አልታጠብሽም» ብሎ መውቀስ በሕመም ላይ ኀዘን መጨመር ነው። ትንባሆና ከመጠን ያለፈ ውፍረት ግን ያባብሱታል። መግሉን ማፍሰስ ለጊዜው ስለሚያሳርፍ ብቻ፥ ሕመሙ የጸናበትን ሰው ሐኪሙ የዋሻውን ጣራ ይገፍለታል፥ ወይም የታመመውን ቆዳ ቆርጦ ያወጣለታል፤ ቁስሉ ሰፊ እንደ ሆነም ከሌላ የሰውነት ክፍል በተወሰደ ቆዳ ይሸፍነዋል።

ሦስተኛው ንፍፊት ነው። በብብት ውስጥ ከክንድና ከጡት የሚመጣውን ሊምፍ የተባለ ፈሳሽ የሚያጣሩ ዕጢዎች አሉ። እጅ ሲቆስል ያብጣሉ፤ ቁስሉ ሲድን ይመለሳሉ። ሳያም የሚያድግ ወይም ሳምንታት አልፈው የማይመለስ ንፍፊት ግን መመርመር አለበት። ሳንባን የሚያጠቃው የነቀርሳ ተሐዋስ በንፍፊትም ያድራልና፤ ይህም በአገራችን ብርቅ አይደለም። ሐኪሙ በቀጭን መርፌ ጥቂት ቀድቶ ያስመረምራል፤ ነቀርሳ ከሆነ ፈውሱ ቢላዋ ሳይሆን፥ አብዛኛውን ጊዜ ለ6 ወር ሳይቋረጥ የሚወሰድ መድኃኒት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ችላ ሊባል የማይገባው ከጡት ካንሰር የሚመጣው ንፍፊት ነው። ካንሰሩ ከጡት ሲወጣ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚያርፈው በብብት ነውና። አሜሪካዊው ሐኪም ዊልያም ሃልስቴድ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ጡቱን፥ የደረቱን ጡንቻና የብብቱን ዕጢዎች ባንድነት ቆርጦ ያወጣ ነበር። በዚህም ሥራ ብዙ ሴቶች ክንዳቸው አብጦ ይቀር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ ግን ሐኪሞች ሰማያዊ ቀለም ወይም ጨረር ያለው ፈሳሽ በጡት ወግተው፥ ፈሳሹ አስቀድሞ የደረሰባቸውን ጥቂት ዕጢዎች ብቻ አውጥተው መመርመር ጀመሩ፤ እነዚያ ንጹሓን ከሆኑ የቀሩት አይነኩም። ይህ ቀላል መንገድ የሚገኘው ግን ሕመሙ ገና ሳይስፋፋ ለመጣችው ነው፤ የዘገየችው ከባዱን ትቀበላለች።

እንግዲህ እናት ልጇን ያለ ኀፍረት እንድትናገር ታስተምራት፤ ባልም ሚስቱን «ነገ ይሻልሻል» በማለት ሳያዘገይ ወደ ሐኪም ይዟት ይሂድ። የአንድ ሰዓት ኀፍረት ያልፋል፤ በከንቱ የጠፋ ጊዜ ግን አይመለስም።