የሕፃናት የልብ ግድግዳና የኤሌክትሪኩ በር

የሐረር ጀጎል ግንብ ከጥንት አምስት በሮች ነበሩት፤ አንዱ ቢዘጋ በሌላው ይገባ ነበር። በሰው ልብ ውስጥ ግን የኤሌክትሪክ ኃይል ከላይኞቹ ሁለት ክፍሎች ወደ ታችኞቹ ሁለት ክፍሎች የሚያልፍበት በር አንድ ብቻ ነው። ልባቸው ሳይገጥም ስለሚወለዱ ሕፃናት ስናስብ የዚህን በር ነገር ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልናስረዳ ወደድን።

ልብ እንዲመታ የሚያዝዘው ጥቂት ኃይል ከቀኙ ላይኛ ክፍል ይነሣል፤ በበሩም ዘንድ ጥቂት ዘግይቶ፥ በቀጭን ክር አድርጎ በግድግዳው በኩል ወደ ታች ይወርዳል። ይህን በር ሱናኦ ታዋራ የተባለው ጃፓናዊ ሐኪም በጀርመን አገር ሳለ መርምሮ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1906 ዓ.ም. በመጽሐፍ ገለጠው።

ሕፃኑ በማኅፀን ሳለ ግድግዳው ሳይገጥም የቀረ እንደ ሆነ፥ መንገዱም ከቦታው ሊዛወር ይችላል። የላይኛውና የታችኛው ግድግዳ በሚገናኙበት በመካከሉ ሰፊ ቀዳዳ ሲኖር፥ በሩ ወደ ኋላና ወደ ታች ዝቅ ይላል። ሐኪሙም የኤሌክትሮካርዲዮግራሙን ወረቀት አይቶ፥ የኃይሉ አቅጣጫ ወደ ግራ መዞሩን በመመልከት፥ ደረት ሳይከፈት የግድግዳውን ጉድለት ይጠረጥራል።

ይህን ማወቅ የሕይወት ጉዳይ ነው። በ1950ዎቹ በአሜሪካ ቀዳዳውን መስፋት ሲጀመር፥ መርፌው ክሩን የነካባቸው አንዳንድ ሕፃናት የልባቸው ምት እየዘገየ ሞቱ። በ1957 ኤርል ባከን በባትሪ የሚሠራ፥ በሰውነት ላይ የሚያዝ ትንሽ የልብ መምቻ መሣሪያ ሠራ። ዛሬ ቀዶ ሐኪሞች ክሩ የሚያልፍበትን አስቀድመው ያውቃሉና ከእርሱ ርቀው ይሰፋሉ።

እንግዲህ ሕፃን ሲጠባ የሚያለከልክና የሚያልበው፥ ክብደት የማይጨምር፥ ከንፈሩ የሚጠቁር ወይም ራሱን የሚስት ቢሆን፥ «ዓይን ነክቶት ነው» እያሉ ቀን ማሳለፍ አይገባም። በሐረር ያሉ ወላጆች ፈጥነው ወደ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ይውሰዱት። ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልገው፥ በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የተከፈተ የልብ ማዕከል አለ። ጉድለቱ በጊዜ ከታወቀ ብዙውን ጊዜ ይጠገናል፤ የዘገየ ግን ሳንባንም ይጎዳል።