ማሽላ ድርቅን የሚቋቋምበት ዘረ መልና የገበሬው ድርሻ

ድርቅ በገባበት ማሳ ላይ የበቀለው ሁሉ እኩል አይጎዳም። ጎን ለጎን ከቆሙት የማሽላ አገዳዎች የአንዱ ቅጠል ደርቆ ሲረግፍ፣ ሌላው እንደ ለመለመ ቆይቶ ዛላውን ይሞላል። የዚህ ልዩነት ምክንያት የአፈሩ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ ተክሉ ከወላጆቹ የወረሰው ዘረ መል፣ ማለትም ጂን የሚባለው፣ ትልቅ ድርሻ አለው።

ዘረ መል ውኃ አያመጣም፤ ተክሉ ያገኘውን ውኃ እንዴት እንደሚቆጥብ ግን ይወስናል። አፈሩ እየደረቀ ሲሄድ አንዳንድ ዘረ መሎች ሥራቸውን ይጀምሩና አብሲሲክ አሲድ የሚባለው ንጥረ ነገር በተክሉ ውስጥ ይበዛል። ይህም በቅጠሉ ላይ ያሉትን በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ስለሚያስዘጋ፣ ውኃው ተንኖ አያልቅም። ነገር ግን ተክሉ ምግቡን የሚሠራበት አየር የሚገባው በነዚሁ ቀዳዳዎች ስለ ሆነ፣ ለረጅም ጊዜ የዘጋቸው ተክል ይራባል። እንግዲህ ድርቅን መቋቋም ማለት በጥማትና በረኃብ መካከል ልክን ማወቅ ነው።

ለዚህ ግሩም ምሳሌ የሚሆነው ከኢትዮጵያ የተገኘ አንድ የማሽላ ዘር ነው። ይህ ዘር በዓለም አቀፍ የዘር መዝገብ አይ ኤስ 12555 የሚል ቁጥር ተሰጥቶት፣ በአሜሪካ በቴክሳስ ከሌላ ማሽላ ጋር ተዳቀለ፤ ከርሱም ቢ 35 የተባለው ዝርያ ወጣ። የዚህ ዝርያ ጠባይ ካበበ በኋላ ዝናብ ቢቋረጥበትም ቅጠሉ ሳይደርቅ መቆየቱ ነው። ሊቃውንት ይህን ጠባይ የሚያስገኙ 4 ዋና ዋና የዘረ መል ክፍሎችን ለይተዋል። ምርመራው ሲጠልቅ የታየው ነገር የሚያስደንቅ ነው፤ ዝርያው በኋላ የሚለመልመው አስቀድሞ ስለ ቆጠበ ነው። ከሥሩ የሚያወጣቸው ተጨማሪ አገዳዎች ጥቂት፣ የላይኞቹ ቅጠሎቹም ትንንሾች በመሆናቸው፣ ከማበቡ በፊት ያልጠጣው ውኃ ፍሬ በሚቋጥርበት ጊዜ ይደርስለታል። ዛሬ በአውስትራሊያና በሕንድ ጭምር የማሽላ አዳቃዮች በዚህ ጠባይ ይጠቀማሉ።

ይህን ሀብት ጠብቆ ያቆየው ግን የምርምር ቤት ሳይሆን የገበሬው ቤት ነው። ገበሬው አዝመራው ሳይታጨድ በማሳው እየተዘዋወረ፣ ክፉውን ወራት አልፎ ዛላው የሞላለትን አገዳ ለዘር ይመርጣል፤ የመረጠውንም ዛላ ነቀዝ እንዳይበላው ከምድጃው በላይ ጢስ በሚደርስበት ቦታ ይሰቅለዋል። እንዲሁም አንድ ዘር ብቻ አያምንም፤ በሚያዝያ የተዘራው ዘግይቶ የሚደርስ ማሽላ ዝናብ ቢያጣ፣ ፈጥኖ የሚደርሰውን በምትኩ ይዘራል። ፈጥኖ የሚደርሰው ከድርቅ ያመልጣል፤ ሳይደርቅ የሚቆየው ድርቁን ይታገሣል። ሊቃውንት ዛሬ በየስማቸው የሚለዩዋቸውን እነዚህን ሁለት መንገዶች ገበሬው በሥራ ያውቃቸዋል።

ታላቁ አደጋ ድርቁ ሲጸና የሚመጣው ነው። የተራበ ቤተሰብ ለዘር ያኖረውን ለመብላት በተገደደ ጊዜ፣ ለብዙ ትውልድ የተመረጠው ዘረ መል አብሮ ይጠፋል፤ ለቀጣዩ ድርቅ መከላከያ የሚሆነውን የሚያጠፋው ያለፈው ድርቅ ነው ማለት ነው። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1976 ዓ.ም. የተቋቋመው የእፅዋት ዘር ማዕከል የአገሩን ዘር መሰብሰቡ ለዚህ ነበር፤ ማዕከሉን ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደም ስለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ሆኖም በቅዝቃዜ የተቀመጠ ዘር ባለበት ይቆያል እንጂ ከሚለዋወጠው ዝናብ ጋር አይማርም። ስለዚህ የዘር ማኖሪያው ሕንፃና የገበሬው ማሳ አንዱ ያለ ሌላው አይበቃም።