ከሶዶ የሚነሣው መስመር፦ ሀገሮች ጥቅማቸውን እንዴት ይተረጉማሉ? ሥጋታቸውንስ እንዴት ይመክታሉ?

(ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር ሙሉ ቃል)



ስለ ብሔራዊ ጥቅምና ስለ ደህንነት ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ አእምሯችን ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ድንበር ወይም ወደ ቀይ ባሕር ይሮጣል። እኔ ግን ዛሬ ከዚሁ ከቆምንበት ስፍራ ልጀምር እወዳለሁ። አንድ ሀገር ጥቅሜ ነው የምትለውን ነገር እንዴት እንደምትወስን ለመረዳት የወላይታ ምድር በቂ ማስረጃ ይሰጠናል። በቅድሚያ ስለ ቃላቱ፣ ቀጥሎ ስለ ታሪካችን፣ ከዚያም ከከተማችን ተነሥቶ ኬንያ ስለሚዘልቀው የኤሌክትሪክ መስመር፣ በመጨረሻም ስለ ዘመናችን ሥጋቶች አወሳለሁ።

ስለ ቃላቱ

«ብሔር» በግዕዝ ሀገርን፣ ምድርን የሚያመለክት ቃል ነው። በሕገ መንግሥታችን ግን «ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች» በሚለው አነጋገር የራሱ ቋንቋ፣ ባህልና ሥነ ልቦና ያለውን ማኅበረሰብ ያመለክታል። ስለዚህ «ብሔራዊ ጥቅም» ስንል የማን ጥቅም እንደሆነ ቃሉ ራሱ ይጠይቀናል፤ የመላው ሀገር ነው ወይስ የአንዱ ወገን? አንዳንድ ጸሐፊዎች «ሀገራዊ ጥቅም» ማለትን የሚመርጡት ይህን ብዥታ ለማጥራት ነው።

«ደህንነት» የሚለው ቃልም እንዲሁ ሁለት ፊት አለው። በመንገድ ላይ «ደህንነት» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የስለላ መሥሪያ ቤትን ነው። ነገር ግን ቃሉ በየማለዳው «ደህና አደራችሁ?» ከምንባባልበት ሰላምታ ጋር ሥሩ አንድ ነው። ሰላምታው ስለ ጤና፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ማሳ ይጠይቃል። የምሁራኑ ክርክርም በመሠረቱ በእነዚህ በሁለቱ ትርጉሞች መካከል የሚካሄድ ነው።

ሃንስ ሞርገንታው እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው መጽሐፍ የሀገሮችን ጥቅም በኃይል ሚዛን ተረጎመው፤ ሀገር ከሁሉ አስቀድማ ኃይሏን ትጠብቃለች አለ። አርኖልድ ዎልፈርስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1952 ብሔራዊ ደህንነት አሻሚ ቃል መሆኑን፣ ማንም የፈለገውን ፖሊሲ ሊሸፍንበት እንደሚችል አስጠነቀቀ። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው ሪፖርት ምግብን፣ ጤናን፣ አካባቢንና የግለሰብን ደህንነት ጨምሮ «ሰብዓዊ ደህንነት» የሚለውን ሐሳብ አስፋፋ። በዚያው ዘመን ባሪ ቡዛንና ኦሌ ቬቨር አንድ ጉዳይ የደህንነት ጉዳይ የሚሆነው ባለሥልጣን «ይህ የህልውና ጉዳይ ነው» ብሎ ሲያውጅና ሕዝብ ሲቀበለው መሆኑን አስረዱ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ በኋላ ይጠቅመናልና ያዙልኝ።

ከኬላ እስከ ፖሊሲ ሰነድ

ወላይታ የራሱ መንግሥት በነበረው ዘመን ደህንነትን የተረጎመው በሚታይና በሚዳሰስ መንገድ ነበር። በካዎ አማዶ ስም የሚታወቀው ኬላ የዚያ አስተሳሰብ ምስክር ነው፤ ጠላት በየት በኩል እንደሚመጣ ይታወቃል፣ በዚያ በኩል ካብ ይካባል። በ1887 ዓ.ም. ካዎ ጦና በዐፄ ምኒልክ ጦር ድል ሲሆኑ ወላይታ የመንግሥቱ አካል ሆነ። በቀጣዩ ዓመት፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ያው መንግሥት በዓድዋ የውጭ ወራሪን ድል ነሣ። እነዚህን ሁለት ክንውኖች ጎን ለጎን ማንበብ ያስፈልጋል። የአንድ ሀገር ጥቅም ወሰን አስቀድሞ የተሰጠ ሳይሆን በታሪክ ሂደት፣ አንዳንዴም በሥቃይ የሚበጅ ነው። ትናንት ከወሰኑ ውጭ የነበረው ዛሬ የጋራ ጥቅም ባለቤት የሚሆነው በኃይል ብቻ ሳይሆን በእኩል ተካፋይነት ሲሆን ነው።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያ ጥቅሟን የተረጎመችው በዋናነት ከውጭ በሚመጣ አደጋ ነበር። ሶማሊያ የኦጋዴንንና የሰሜን ኬንያን ግዛት ትጠይቅ ስለነበር ኢትዮጵያና ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1963 የጋራ መከላከያ ስምምነት አደረጉ። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ሲገባና በ1970 ዓ.ም. ሲወጣ ያ ሥጋት ባዶ እንዳልነበረ ታየ። ሆኖም ዓይንን ሁሉ በድንበር ላይ መትከል ዋጋ አለው። በ1966 ዓ.ም. እና በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ያጠፋው ሕዝብ በየትኛውም ጠላት ጦር አልተገደለም።

ለዚህ አባባል ከእኛው ዞን የቀረበ ማስረጃ አለ። ከግንቦት 1990 እስከ ሰኔ 1992 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ኤርትራ በባድመና በሌሎች ግንባሮች ሲዋጉ፣ እዚህ ወላይታ ውስጥ የበልግ ዝናብ ጠፍቶ፣ በአስቸጋሪው ወር ነፍስ የሚያቆየው ስኳር ድንች ከስሞ ሕፃናት በምግብ እጥረት ይጎዱ ነበር። የእርዳታ ሠራተኞች «አረንጓዴ ረሃብ» ያሉት ይህን ነው። ኮረብታው ለምልሟል፣ እንሰቱ ቆሟል፣ መንገደኛ ሲያልፍ ችግር አይታየውም፤ በጎጆው ውስጥ ግን ምግብ የለም። የሕዝብ ጥግግት ከፍተኛ በሆነበት፣ የአንድ ቤተሰብ ማሳ እጅግ ባነሰበት አካባቢ አንድ የዝናብ ወቅት ሲዛነፍ ቤተሰብ ይናጋል። ኬላ ይህን ጠላት አያስቆምም።

በኅዳር 1995 ዓ.ም. የወጣው የውጭ ጉዳይና የሀገር ደህንነት ፖሊሲና ስትራቴጂ ይህን ትምህርት የቀሰመ ሰነድ ነበር። ሰነዱ ቀደም ያሉትን መንግሥታት ተከበናል በሚል ሥነ ልቦና ወደ ውጭ ሲመለከቱ የኖሩ ናቸው ብሎ ነቀፈ፤ ዋነኛው አደጋ ድህነት፣ ኋላ ቀርነትና የመልካም አስተዳደር እጦት መሆኑን ገለጸ፤ ትንታኔው ከውስጥ ወደ ውጭ እንዲሄድም ጠየቀ። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምግብ ዋስትና ሴፍቲኔት መርሐ ግብር፣ የወላይታን ወረዳዎችም የሚያካትተው፣ ከዚህ አስተሳሰብ ጋር ይጣጣማል። ስለ ሰነዱ ትግበራ ብዙ መተቸት ይቻላል፤ ድህነትን ጠላት ብሎ መሰየም ድህነትን ከማሸነፍ ጋር አንድ አይደለም፤ በኋለኞቹ ዓመታት የደረሱብን የውስጥ ግጭቶችም ይህን በመራራ መንገድ አስረድተውናል። ጥያቄውን ግን በትክክለኛው ቦታ አስቀምጦታል።

ከሶዶ የሚነሣው መስመር

አሁን ወደ ርእሴ ልመለስ። በወላይታና በዳውሮ ዞኖች መካከል በኦሞ ወንዝ ላይ የተገነባው የጊቤ ሦስት ግድብ ታኅሣሥ 8 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የማመንጨት አቅሙ 1,870 ሜጋ ዋት ነው። ከዚሁ ከወላይታ ሶዶ የኃይል መለወጫ ጣቢያ ደግሞ ናይሮቢ አቅራቢያ እስከሚገኘው ሱስዋ ድረስ 1,045 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ 500 ኪሎ ቮልት የተሸከመ መስመር ተዘርግቷል። እስከ 2,000 ሜጋ ዋት ማስተላለፍ ይችላል፣ በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል። ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ኬንያ በዚህ መስመር ኤሌክትሪክ እየገዛች ነው፤ ውሉ የተጀመረው በ200 ሜጋ ዋት ነበር።

ይህን እ.ኤ.አ. በ1963 ከተደረገው ስምምነት ጋር አስተያዩት። ያን ጊዜ ሁለቱን ሀገሮች ያስተሳሰራቸው የጋራ ጠላት ነበር፤ ዛሬ የሚያስተሳስራቸው የጋራ ገመድ ነው። የኬንያ ፋብሪካ የሚሽከረከርበት ኃይል ከኢትዮጵያ ሲመጣ የኢትዮጵያ ሰላም የኬንያም ጥቅም ይሆናል። ኢትዮጵያም የውጭ ምንዛሪ ታገኛለች።

ጉዳዩ ግን እንከን የለሽ አይደለም። የቱርካና ሐይቅ አብዛኛውን ውሃ የሚያገኘው ከኦሞ ነው፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2018 የቱርካና ሐይቅ ብሔራዊ ፓርኮችን አደጋ ላይ ከወደቁ ቅርሶች መዝገብ ሲያስገባ ግድቡን ከምክንያቶቹ አንዱ አድርጎ ጠቅሷል። የሐይቁ ዓሣ አጥማጅ ጥቅምና የናይሮቢ ፋብሪካ ጥቅም በአንድ ሀገር ውስጥ ሆነው እንኳ አንድ አይደሉም። በእኛም በኩል ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ገና ኤሌክትሪክ አላገኘም። በመስመሩ ሥር በኩራዝ የሚያጠና ተማሪ «ይህ የማን ጥቅም ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ሽያጩን ማቆም አይደለም፤ ከሽያጩ የሚገኘው ገቢ ወደ ገጠር ማከፋፈያ መስመር መመለሱን በግልጽ ማሳየት ነው።

ከኦሞ ወደ ዓባይ ብንሻገር ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። በሁለቱም ወንዞች ኢትዮጵያ የላይኛው ተፋሰስ ሀገር ናት። ታዲያ ከኬንያ ጋር የኃይል ሽያጭ ውል፣ ከግብፅ ጋር የዓመታት ውዝግብ የሆነው ለምንድን ነው? አንዱ ምክንያት ግብፅ በዓባይ ላይ ያላት ጥገኝነት እጅግ የጠለቀ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ኢትዮጵያ ያልተሳተፈችባቸው የ1929 እና የ1959 ስምምነቶች (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) የተዉት ቅርስ ነው። ሦስተኛው ቀደም ብዬ ያዙልኝ ያልኳችሁ ነጥብ ነው። አንድ ጉዳይ የህልውና ጉዳይ ተብሎ ከታወጀ በኋላ ስለ ሊትርና ስለ ወራት መደራደር ክህደት ይመስላል። የውሃ አለቃቀቅ ሠንጠረዥ የመሐንዲሶች ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የክብር ጉዳይ ይሆናል። ይህ ለካይሮ ብቻ ሳይሆን ለእኛም የሚሠራ ማስጠንቀቂያ ነው።

የባሕር በር ጥያቄም በዚሁ ሚዛን ሊታይ ይገባል። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት ሀገር አስተማማኝ የባሕር መተላለፊያ መፈለጓ ምክንያታዊ ጥቅም ነው። ነገር ግን ግብና ዘዴ ይለያያሉ። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከሶማሌላንድ ጋር የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ ከሶማሊያ ጋር ከባድ ውጥረት አስከተለ፤ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በአንካራ የወጣው መግለጫ ደግሞ የሶማሊያን ሉዓላዊነትና የኢትዮጵያን የባሕር መተላለፊያ ፍላጎት በአንድ ገጽ አስፍሮ ውጥረቱን አበረደ። ግቡ አንድ ነው፤ የዘዴው ልዩነት ጎረቤትን ባላንጣ ወይም ተባባሪ ያደርጋል።

ካብ የማይመልሳቸው ሥጋቶች

የዘመናችን ሥጋቶች በር አያንኳኩም። በሰኔ 2012 ዓ.ም.፣ የሕዳሴው ግድብ የመጀመሪያ ሙሌት በተቃረበበት ወቅት፣ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ መነሻቸው ግብፅ የሆኑ ቡድኖች በኢትዮጵያ ድረ ገጾች ላይ የሳይበር ጥቃት መሞከራቸውንና ሙከራው መክሸፉን አስታወቀ። የኃይል መስመርን፣ ባንክንና ስልክን ከሩቅ ማወክ በሚቻልበት ዘመን የሶዶው ጣቢያ ጥበቃ አጥርና ዘበኛ ብቻ ሊሆን አይችልም።

ሌላው ሥጋት ከሰማይና ከመሬት ይመጣል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በክልላችን በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ቀጠፈ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማዳን የተሯሯጡ ጎረቤቶች ነበሩ። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ በዞናችን በኪንዶ ዲዳዬ ወረዳም በተመሳሳይ አደጋ የሰው ሕይወት ጠፋ። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ደግሞ በክልላችን በጂንካ የማርበርግ ቫይረስ መገኘቱ ታወጀ። እነዚህ በወታደራዊ ካርታ ላይ የማይታዩ ናቸው። የመጀመሪያ ተከላካዮቻቸውም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ የግብርና ባለሙያውና የቀበሌው ነዋሪ ናቸው። ለእነርሱ ሥልጠና፣ መገናኛና መሣሪያ መስጠት በጀቱ በየትኛውም ርእስ ቢመዘገብ የመከላከያ ወጪ ነው።

ይህን ስል ሠራዊት አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ጎረቤቶቻችን በጦርነት እየታመሱ፣ ቀይ ባሕር የኃያላን መፎካከሪያ ሆኖ ሳለ እንዲህ ማለት የዋህነት ነው። የምለው ጦር ሊመልሰው የሚችለውንና የማይችለውን መለየት የመንግሥት የመጀመሪያ ጥበብ መሆኑን ነው።

ሦስት መመዘኛዎች

እንግዲህ «ይህ የሀገር ጥቅም ነው» ሲባል ስንሰማ ሦስት ጥያቄ እንድናነሣ እመክራለሁ። አንደኛ፣ ማን ተረጎመው? በምክር ቤት፣ በመገናኛ ብዙኃንና በምሁራን መድረክ ያልተፈተነ ትርጉም የጥቂቶች ጥቅም መሸፈኛ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው፣ ፍሬውን የሚበላውስ? ከፋዩና ተጠቃሚው ሁልጊዜ የተለያዩ ከሆኑ የጋራ የሚባለው ጥቅም የጋራ አይደለም። ሦስተኛ፣ ዘዴው ነገ የሚያስከትለው ምንድን ነው? የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 86 የውጭ ግንኙነት በጋራ ጥቅምና በእኩልነት ላይ እንዲመሠረት፣ ከጎረቤት ሕዝቦች ጋርም ወንድማዊ ትስስር እንዲጎለብት ሲያዝ የዚህን ጥያቄ መልስ ግማሽ ሰጥቶናል።

ውድ ተማሪዎች፦ ከእናንተ መካከል ዲፕሎማት፣ መኮንን፣ የወረዳ አስተዳዳሪ ወይም መሐንዲስ የሚሆኑ አሉ። የምታዘጋጁት ሰነድ «ደህንነት» የሚለውን ቃል በያዘ ቁጥር፣ ያ ቃል በጎጆው ለሚኖረው ገበሬ ምን እንደሚለውጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ የምትችሉ መሆናችሁን አረጋግጡ። መጻፍ ካቃታችሁ ሰነዱ አላለቀም።